የአንድ አገር ኢንዱስትሪ በነዳጅ ቃጠሎ የሚለቀው ካርቦን ለረጅም ዓመታት እንዴት ይሰላል?

«የአገሪቱ ኢንዱስትሪ የካርቦን ልቀት ጨመረ ወይስ ቀነሰ?» የሚለው ጥያቄ ከተማሪም፣ ከጋዜጠኛም፣ ከፋብሪካ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያም ደጋግሞ ይመጣል። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ከኢንተርኔት ያወረደው ግራፍ በእጁ ይዟል። ግራፉ ላይ ድንገት ሽቅብ የወጣ ወይም ቁልቁል የወረደ ዓመት አለ፣ ምክንያቱን ማወቅ ይፈልጋል። መልሱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ፋብሪካ ውስጥ ሳይሆን መዝገብ ውስጥ ነው። መረጃ የሚሰበሰብበት መንገድ ተቀይሯል፣ ወይም መለኪያው ተለውጧል፣ ወይም አንድ ነዳጅ ከአንዱ ዓምድ ወደ ሌላው ተዛውሯል።

ስሌቱ ራሱ ማባዛትና መደመር ነው። ከባዱ ሥራ ከመጀመሪያው ዓመት እስከ መጨረሻው ያንኑ ነገር መቁጠር ነው።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው። በምሳሌዎቹ ውስጥ ያሉት የነዳጅ፣ የልቀትና የምርት መጠኖች ለልምምድ ብቻ የተቀመጡ ናቸው። የሙቀት ይዘቶቹና የልቀት ምጣኔዎቹ (ነዳጁ ሲቃጠል በአንድ የኃይል መለኪያ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ግን የበየነ መንግሥታቱ የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል (አይፒሲሲ) በ2006 ባወጣው መመሪያ ላይ ያሉት ነባሪ ቁጥሮች፣ ማለትም አገሩ የራሱ ልኬት ከሌለው የሚወሰዱት ናቸው።

የሚያስፈልግዎት

- የአገሪቱ የኢነርጂ ሚዛን ሠንጠረዥ (እያንዳንዱ ነዳጅ ከየት እንደመጣና ማን እንደተጠቀመበት የሚያሳየው)፣ በየዓመቱ፣ ቢቻል ከ20 ዓመት በላይ
- የነዳጅ ገቢና ወጪ ንግድ የጉምሩክ መዝገብ
- የ2006 የአይፒሲሲ መመሪያ ሁለተኛ ቅጽ (ኢነርጂን የሚመለከተው)
- የማምረቻ ኢንዱስትሪው እሴት ጭማሪ (ከምርቱ ዋጋ የግብዓቱ ዋጋ ተቀንሶ የሚቀረው) በቋሚ ዋጋ (በወቅቱ ዋጋ የተሰላው አያገለግልም)
- የክሊንከር (በእቶን ተጋግሮ ሲፈጭ ሲሚንቶ የሚሆነው)፣ የብረት፣ የማዳበሪያና የመሳሰሉት ከባድ ምርቶች መጠን በቶን
- ለማነጻጸሪያ ሁለተኛ ምንጭ፦ ለምሳሌ ከ1970 ጀምሮ ያለው የአውሮፓ ኮሚሽን የኤድጋር መረጃ፣ የዓለም አቀፉ ኢነርጂ ኤጀንሲ ሠንጠረዦች ወይም አገሪቱ ለተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ማዕቀፍ ያቀረበችው ሪፖርት
- ኤክሴል ወይም ተመሳሳይ ፕሮግራም፣ አራት ሺት ያለው ፋይል፦ «ጥሬ»፣ «ቴራጁል» (የኃይል መለኪያ፤ 1 ቴራጁል = 1,000 ጊጋጁል)፣ «ልቀት»፣ «ማስታወሻ»

«ማስታወሻ» የሚለውን ሺት እንደ ትርፍ ነገር አይዩት። ከስድስት ወር በኋላ አንድ ሰው «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» ሲልዎ መልሱ ያለው እዚያ ነው።

ደረጃ 1፦ ወሰኑን በጽሑፍ ያስቀምጡ

ቁጥር ከመንካትዎ በፊት «ኢንዱስትሪ» ሲሉ ምን ማለትዎ እንደሆነ ግማሽ ገጽ ይጻፉ። በአይፒሲሲ አመዳደብ የምንፈልገው 1.ኤ.2 የሚባለውን ክፍል፣ ማለትም የማምረቻ ኢንዱስትሪንና ኮንስትራክሽንን ነው። የነዳጅ ማዕድናትን ሳይጨምር የማዕድን ማውጣት ሥራም እዚሁ ይገባል። የነዳጅ ማጣሪያዎችና የድንጋይ ከሰል ወደ ኮክ የሚለወጥባቸው ምድጃዎች ግን «የኢነርጂ ኢንዱስትሪ» ተብለው በ1.ኤ.1 ስለሚቆጠሩ እዚህ አይደመሩም።

ብዙ ሰው የሚሰናከልባቸው አምስት ቦታዎች አሉ።

*ሲሚንቶ።* ከሲሚንቶ ፋብሪካ ጭስ ማውጫ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሁለት ምንጭ አለው። አንዱ እቶኑን የሚያሞቀው ነዳጅ ነው። ሌላው የኖራ ድንጋዩ ሲሞቅ ከራሱ ከድንጋዩ የሚወጣው ጋዝ ሲሆን፣ በአንድ ቶን ክሊንከር በግምት 0.52 ቶን ይደርሳል። ይህ ሁለተኛው ቃጠሎ ስላልሆነ «የኢንዱስትሪ ሂደት» በሚባለው ሌላ ምድብ ይገባል። ሁለቱን የደባለቀ ሰው አዲስ የሲሚንቶ ፋብሪካ በተከፈተ ቁጥር የቃጠሎው መስመር ከልክ በላይ ሲዘል ያያል።

*የተገዛ ኤሌክትሪክ።* ፋብሪካው ከመስመር የሚወስደው ኤሌክትሪክ ልቀት የሚመዘገበው በኃይል ማመንጫው ላይ ነው። እዚህ ከደመሩት በአገር ደረጃ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ነገር ግን የኤሌክትሪክ ፍጆታውን ለብቻው በአንድ ዓምድ ይያዙት፤ ደረጃ 8 ላይ ያስፈልጋል።

*የፋብሪካው የራሱ ጄኔሬተር።* ፋብሪካው ለራሱ ፍጆታ ኤሌክትሪክ ለማመንጨት የሚያቃጥለው ነዳጅ ግን የኢንዱስትሪው ነው። አንዳንድ የኢነርጂ ሚዛን ሠንጠረዦች ይህንን ከኃይል ማመንጫዎች ጋር ያስቀምጡታል። ከዚያ አውጥተው ወደ ኢንዱስትሪ ይመልሱት፤ ካልቻሉም በሁሉም ዓመታት አንድ ዓይነት አያያዝ ይጠቀሙ።

*ጥሬ ዕቃ የሆነ ነዳጅ።* ለአሞንያ ማምረቻ የሚገባ የተፈጥሮ ጋዝ፣ ለመንገድ የሚፈስ አስፋልት፣ የሞተር ዘይት፣ በብረት ማቅለጫ ውስጥ ብረቱን ከኦክስጅን ለማላቀቅ የሚገባ ኮክ፦ እነዚህ ሙቀት ለማግኘት ብቻ የሚቃጠሉ ስላልሆኑ በ2006ቱ መመሪያ መሠረት ከቃጠሎው ስሌት ይወጣሉ። በሠንጠረዡ ላይ «ከኢነርጂ ውጭ ጥቅም» የሚል ረድፍ ይፈልጉ።

*ባዮማስ።* እንጨት፣ ገለባና የሸንኮራ አገዳ ገለፈት ሲቃጠሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃሉ። የእንጨት የልቀት ምጣኔ በአንድ ቴራጁል 112 ቶን ስለሆነ ከድንጋይ ከሰል ይበልጣል። ሆኖም የካርቦኑ ሒሳብ የሚወራረደው በመሬት አጠቃቀም ዘርፍ ስለሆነ እዚህ ለማስታወሻ ብቻ ተመዝግቦ ከድምሩ ውጭ ይቀመጣል። በሲሚንቶ እቶን የሚቃጠል ጎማና ፕላስቲክ ግን ከፔትሮሊየም የመጣው ክፍሉ ይደመራል።

የአገሩ ድንበር ተቀይሮ ከሆነም ይመዝግቡ። የሶቪየት ኅብረት (1991)፣ የቼኮዝሎቫኪያ (1993) እና የሱዳን (2011) መከፈል እንደሚያሳየው፣ አገር ሲከፈል የኢንዱስትሪው ከፊል ከመዝገብ ሊወጣ ይችላል።

ደረጃ 2፦ ጥሬውን መረጃ እንዳለ ይገልብጡ

በ«ጥሬ» ሺት ላይ ዓመታቱን በረድፍ፣ ነዳጆቹን በዓምድ ያድርጉ። መለኪያውን (ቶን፣ ሊትር፣ ኪሎ ሊትር፣ ሜትር ኩብ) በዓምዱ አናት ላይ ይጻፉ። እዚህ ሺት ላይ ምንም አያርሙ። ስህተት የመሰለዎትን ሴል ቀለም ቀብተው ይለፉት። ከምንጩ ጋር መልሰው ማመሳከር የሚችሉት ጥሬው ካልተነካ ብቻ ነው።

ባዶ ሴል እና ዜሮ አንድ አይደሉም። «ነዳጁ አልተቃጠለም» ከሆነ 0 ይጻፉ፣ «አልተዘገበም» ከሆነ ባዶ ይተዉት። ይህንን ያልለየ ፋይል ኋላ ላይ አማካይ ሲሰላ ዝም ብሎ ይዋሻል።

ለናፍጣ ልዩ ጥንቃቄ ያድርጉ። የድንጋይ ከሰልና ከባድ ጥቁር ናፍጣ በብዛት በቀጥታ ወደ ፋብሪካ ይሄዳሉ። ናፍጣ ግን መኪናውም፣ ጄኔሬተሩም፣ ኤክስካቫተሩም ከአንድ ማደያ ይቀዱታል። ብዙ አገሮች ማደያ ላይ የተሸጠውን በሙሉ «ትራንስፖርት» ብለው ይመዘግቡታል። የኢንዱስትሪው ድርሻ በዳሰሳ ጥናት ከተገመተ፣ ጥናቱ የተካሄደባቸውን ዓመታት ይለዩ፤ በመካከል ያሉት ዓመታት ምናልባት ያው ድርሻ እየተባዛ የተሞሉ ናቸው።

መረጃው በበጀት ዓመት ከሆነና በጀት ዓመቱ በሐምሌ መጀመሪያ የሚጀምር ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ የቀን መቁጠሪያ ዓመት የሁለቱን ተከታታይ በጀት ዓመታት ግማሽ ግማሽ ይውሰዱ። ሁለት ዓይነት ዓመት በአንድ መስመር ላይ ከተቀላቀለ የውድቀትና የማገገም ዓመታት በስድስት ወር ይንሸራተታሉ።

ደረጃ 3፦ ሁሉንም ወደ ቴራጁል ይለውጡ

ከቶን በቀጥታ ወደ ልቀት መዝለል ያጓጓል፤ ግን አያድርጉት። ምክንያቱ ይህ ነው፦ አንድ ቶን ሊግናይት (ዝቅተኛ ጥራት ያለው እርጥብ ከሰል) 11.9 ጊጋጁል ሙቀት ይዞ ወደ 1.2 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ አንድ ቶን አንትራሳይት (ከፍተኛ ጥራት ያለው ከሰል) ደግሞ 26.7 ጊጋጁል ይዞ ወደ 2.6 ቶን ይለቃል። በቶን ሲታዩ ልዩነታቸው ከእጥፍ በላይ ነው። በቴራጁል ሲታዩ ግን 101 እና 98.3 ቶን ናቸው፤ ተቀራራቢ። ውሃና አመድ ቶኑን ያከብዱታል እንጂ ካርቦኑን አይጨምሩም። ስለዚህ የከሰሉ ጥራት በ30 ዓመት ውስጥ ቢለዋወጥ፣ በቴራጁል የሚሠራ ሰው ጉዳቱን በአንድ ቦታ፣ በሙቀት ይዘቱ ላይ ብቻ ያስተካክላል።

ለመለወጥ የሚያስፈልጉ ቁጥሮች፦

- 1,000 ቶን = 1 ጊጋግራም
- 1,000 ቶን የነዳጅ ዘይት አቻ = 41.868 ቴራጁል
- 1 ጊጋዋት ሰዓት = 3.6 ቴራጁል
- 1 በርሜል = 159 ሊትር ገደማ
- ናፍጣ በሊትር ከተሰጠ፣ ጥግግቱን ከአገሩ የጥራት ደረጃ ይውሰዱ፤ በሊትር 0.84 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው

አደገኛው ነገር «የተጣራ» እና «ጥቅል» የሙቀት ይዘት ነው። ጥቅሉ በጭሱ ውስጥ ያለው የውሃ ትነት ሲቀዘቅዝ የሚመልሰውን ሙቀት ጭምር ይቆጥራል፤ የተጣራው አይቆጥርም። የተጣራው ለከሰልና ለዘይት 5 በመቶ ያህል፣ ለተፈጥሮ ጋዝ 10 በመቶ ያህል ያንሳል። የአይፒሲሲ ምጣኔዎች በሙሉ በተጣራው ላይ የተመሠረቱ ናቸው። የጋዝ ኩባንያዎች ግን ብዙውን ጊዜ የሚሸጡት በጥቅል መለኪያ ነው። ስለዚህ የጋዝ ቁጥር በኃይል መለኪያ ሲደርስዎ የትኛው እንደሆነ ሳያረጋግጡ አይጠቀሙበት፤ ጥቅል ከሆነ በ0.9 ያባዙት።

አገሪቱ በራሷ ላቦራቶሪ የለካችው የሙቀት ይዘት ካለ ነባሪውን ትተው እሱን ይጠቀሙ። በተለይ ለከሰል ይህ ግድ ነው። ናሙናው «እንደደረሰ» ወይስ «ደርቆ» ተለካ የሚለውንም ይጠይቁ፤ የደረቀ ከሰል የሙቀት ይዘት በእርጥብ ከሰል ቶን ላይ ከተባዛ ውጤቱ ይጋነናል።

ደረጃ 4፦ በልቀት ምጣኔ ያባዙ

ቀመሩ፦ ልቀት = የነዳጅ መጠን × የተጣራ የሙቀት ይዘት × የልቀት ምጣኔ

| ነዳጅ | ቴራጁል በ1,000 ቶን | ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በቴራጁል |
|---|---|---|
| አንትራሳይት | 26.7 | 98.3 |
| ቢቱሚነስ የድንጋይ ከሰል | 25.8 | 94.6 |
| ሊግናይት | 11.9 | 101.0 |
| ፔትኮክ (ከነዳጅ ማጣሪያ የሚቀር ጠጣር ነዳጅ) | 32.5 | 97.5 |
| ከባድ ጥቁር ናፍጣ | 40.4 | 77.4 |
| ናፍጣ | 43.0 | 74.1 |
| ነጭ ጋዝ | 43.8 | 71.9 |
| ቡታጋዝ | 47.3 | 63.1 |
| የተፈጥሮ ጋዝ | 48.0 | 56.1 |

የአንድ ዓመት ምሳሌ እንሥራ። ኢንዱስትሪው 400,000 ቶን ቢቱሚነስ ከሰል፣ 150,000 ቶን ከባድ ጥቁር ናፍጣ፣ 80,000 ቶን ናፍጣ፣ 60,000 ቶን ፔትኮክ እና በጥቅል መለኪያ 10,000 ቴራጁል የተፈጥሮ ጋዝ አቃጠለ እንበል።

- ከሰል፦ 400 × 25.8 = 10,320 ቴራጁል፤ × 94.6 = 976,272 ቶን
- ከባድ ጥቁር ናፍጣ፦ 150 × 40.4 = 6,060፤ × 77.4 = 469,044 ቶን
- ናፍጣ፦ 80 × 43.0 = 3,440፤ × 74.1 = 254,904 ቶን
- ፔትኮክ፦ 60 × 32.5 = 1,950፤ × 97.5 = 190,125 ቶን
- ጋዝ፦ 10,000 × 0.9 = 9,000፤ × 56.1 = 504,900 ቶን

ድምር፦ 30,770 ቴራጁል፣ 2,395,245 ቶን። ልቀቱን ለቴራጁሉ ያካፍሉት፤ 77.8 ይመጣል። ይህችን ቁጥር በየዓመቱ ያስሉ። በጋዝና በከሰል መካከል፣ ማለትም ከ56 እስከ 101 ባለው ክልል ውስጥ መውደቅ አለባት። ከዚያ ከወጣች የሆነ ቦታ መለኪያ ተሳስቷል።

ጋዙን በ0.9 ማባዛት ቢዘነጋ ኖሮ 561,000 ቶን ይሆን ነበር። በጋዙ ላይ 11 በመቶ ብልጫ ማለት ነው፤ ስህተቱ በግማሹ ዓመታት ላይ ብቻ ቢፈጸም ደግሞ ሐሰተኛ «ጭማሪ» ይፈጥራል።

*ማስጠንቀቂያ፦* የ1996ቱ የአይፒሲሲ መመሪያ ሳይቃጠል የሚቀረውን ካርቦን ለመቀነስ በ0.98 (ከሰል)፣ በ0.99 (ዘይት) እና በ0.995 (ጋዝ) ያባዛ ነበር። የ2006ቱ ነባሪ 1 ነው። የቆዩ ዓመታትን ከአሮጌ ሪፖርት፣ አዲሶቹን ከአዲስ ሪፖርት ከወሰዱ፣ ከሰል በሚበዛበት አገር መስመርዎ ያለ ምንም ምክንያት 2 በመቶ ያህል ይዘላል። የተሰላ ልቀት አይገልብጡ። ነዳጁን ወስደው ሁሉንም ዓመታት ራስዎ በአንድ ምጣኔ ያስሉ።

ደረጃ 5፦ የተሰበረውን መስመር ያጋጥሙ

አብዛኛው ሥራ እዚህ ነው። በ30 ዓመት ውስጥ ያልተቀየረ የመረጃ አሰባሰብ የለም። መጀመሪያ ስብራቱን ይፈልጉ፦ በየነዳጁ የዓመት ለውጡን በመቶኛ ያስሉና ከ15 በመቶ በላይ የሆነውን ሁሉ ምልክት ያድርጉበት። ለእያንዳንዱ ምልክት «ፋብሪካ ተከፈተ ወይስ መዝገብ ተቀየረ?» ብለው ይጠይቁ። የክሊንከርና የብረት ምርት ዝርዝር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ምርቱ ቀጥ ብሎ እያለ ነዳጁ ብቻ ከዘለለ መዝገቡን ይጠርጥሩ።

አሮጌውና አዲሱ መዝገብ ለተወሰኑ ዓመታት ጎን ለጎን ካሉ፣ በተደራረቡት ዓመታት ያጋጥሟቸው። ምሳሌ፦ አሮጌው ከ1990 እስከ 2002፣ አዲሱ ከ2000 ወዲህ አለ። ቁጥሮቹ በሚሊዮን ቶን ናቸው።

- አሮጌው፦ 1.80፣ 1.86፣ 1.94፤ ድምር 5.60
- አዲሱ፦ 2.05፣ 2.16፣ 2.23፤ ድምር 6.44
- ማስተካከያ፦ 6.44 ÷ 5.60 = 1.15

ከ1990 እስከ 1999 ያሉትን የአሮጌውን ቁጥሮች በ1.15 ያባዙ። የ1999 ቁጥር 1.76 ከነበረ 2.02 ይሆናል። ሳያጋጥሙ ቢተዉት ኖሮ ከ1999 ወደ 2000 የ16 በመቶ ዝላይ ይታይ ነበር፤ ትክክለኛው ለውጥ ግን ከ2 በመቶ በታች ነው። ያ ዝላይ ነው ኋላ ላይ «የኢንዱስትሪ አብዮት» ተብሎ ርዕስ የሚወጣለት።

ከማባዛትዎ በፊት የየዓመቱን ውድር ለየብቻ ይዩ። እዚህ 1.14፣ 1.16 እና 1.15 ነው፤ የተረጋጋ ስለሆነ ዘዴው ይሠራል። 1.05፣ 1.15፣ 1.27 ቢሆን ግን ሁለቱ መዝገቦች እየተራራቁ ነው ማለት ስለሆነ አንድ ማስተካከያ አይበቃም፤ ምክንያቱን ሳያገኙ አይቀጥሉ። ማጋጠሙንም በየነዳጁ ይሥሩት እንጂ በድምሩ ላይ አይሥሩት። የተቀየረው የናፍጣ አመዘጋገብ ብቻ ከሆነ፣ ድምሩን ማባዛት ምንም ያልሆነውን ከሰል ያበላሻል።

የሚደራረብ ዓመት ከሌለ ሁለት አማራጭ አለ። ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት የሆነ ክፍተትን፣ በዚያ ጊዜ ቀውስ ካልነበረ፣ በሁለቱ ጫፎች መካከል በእኩል ጭማሪ ይሙሉ። ክፍተቱ ከረዘመ ወይም መሐሉ ላይ ጦርነት፣ የነዳጅ እጥረት ወይም የፋብሪካ መዘጋት ካለ በተወካይ ቁጥር ይሙሉት፦ ለሲሚንቶ ከሰል የክሊንከርን ምርት፣ ለብረታ ብረት የብረቱን ቶን። ከዚያ የተሞላውን ሴል ሁሉ በሌላ ቀለም ይቀቡ። ለተሞሉ ዓመታት የለውጥ ምክንያት መፈለግ የራስን ጥላ ማሳደድ ነው።

ደረጃ 6፦ ከላይ ወደ ታች ያረጋግጡ

አሁን የተገላቢጦሹን ይሥሩ። ለእያንዳንዱ ነዳጅ፦ ምርት + ገቢ − ወጪ − ለዓለም አቀፍ መርከብና አውሮፕላን የተሞላ − የክምችት ጭማሪ። ይህ በአገር ውስጥ ሊቃጠል የቻለው መጠን ነው። የሁሉም ዘርፎች ቃጠሎ (ኢንዱስትሪ፣ ትራንስፖርት፣ ቤት፣ ኃይል ማመንጫ) ተደምሮ ከዚህ ከ5 በመቶ በላይ ከራቀ ምክንያቱን ይፈልጉ። ልዩነቱ በየዓመቱ ያው ከሆነ አመዳደብ ነው፤ ከሆነ ዓመት ጀምሮ ካደገ ያልተመዘገበ ተጠቃሚ አለ።

ከሁለተኛው ምንጭ ጋር ሲያነጻጽሩ ደረጃው ባይገጥም አይደንግጡ፤ ወሰናቸው ይለያያል። አቅጣጫው ግን መግጠም አለበት። የእርስዎ ሲወርድ የእነሱ የሚወጣ ከሆነ ወደ ደረጃ 5 ይመለሱ።

ደረጃ 7፦ አዝማሚያውን ያስሉ

የዓመታዊ አማካይ ዕድገት፦ የመጨረሻውን ለመጀመሪያው ያካፍሉ፣ የተፈጥሮ ሎጋሪዝሙን ይውሰዱ፣ ለዓመታቱ ብዛት ያካፍሉ። ቀላል ነው፣ ግን ጫፎቹ ያታልላሉ። በ1990 1.38፣ በ2019 2.58፣ በ2020 2.31 ሚሊዮን ቶን ይሁን። እስከ 2019 ሲሰላ በዓመት 2.16 በመቶ ይሆናል። አንድ ዓመት ጨምረው እስከ 2020 ሲያሰሉ 1.72 በመቶ ይመጣል። አገሩ በአንድ ሌሊት አልተለወጠም፤ ወረርሽኙ የመጨረሻዋ ነጥብ ላይ ወደቀ እንጂ።

ስለዚህ በሁለቱም ጫፍ የሦስት ዓመት አማካይ ይጠቀሙ፤ ወይም ይበልጥ የሚሻለው፣ የሁሉንም ዓመታት ሎጋሪዝም በዓመተ ምሕረቱ ላይ ቀጥታ መስመር ያስምሩ። የመስመሩ ተዳፋት ዓመታዊ ዕድገቱ ነው፣ ሁሉም ነጥብ ድምፅ አለው። 2009 እና 2020 በብዙ አገሮች የወደቁ ዓመታት ስለሆኑ መነሻም መድረሻም አያድርጓቸው።

መስመሩ በመሐል ከታጠፈ ሁለት ቦታ ይክፈሉት። የሚከፍሉበትን ዓመት ግን ግራፉን ዓይተው ሳይሆን ከታወቀ ክስተት ይውሰዱ (የጋዝ ቧንቧ መግባት፣ የአንድ ትልቅ ፋብሪካ መከፈት)። በዓይን የተመረጠ ዓመት የፈለጉትን ታሪክ ያወራልዎታል።

ደረጃ 8፦ ለውጡን ወደ ምክንያቶቹ ይበትኑ

ልቀት = እሴት ጭማሪ × (ቴራጁል በአንድ እሴት ጭማሪ) × (ቶን በአንድ ቴራጁል)

ልቀቱ ከ2.00 ወደ 2.40 ሚሊዮን ቶን አደገ እንበል። በዚያው ጊዜ እሴት ጭማሪው በ1.50 ተባዛ፣ የኃይል ፍጆታ በአንድ እሴት 0.85 እጥፍ ሆነ፣ የነዳጁ ካርቦን ይዘት 0.941 እጥፍ ሆነ።

መጀመሪያ ክብደቱን ያግኙ፦ (2.40 − 2.00) ÷ ሎጋሪዝም(1.20) = 0.40 ÷ 0.1823 = 2.194። ከዚያ የእያንዳንዱን ሎጋሪዝም በእሱ ያባዙ።

- የምርት ዕድገት፦ 2.194 × 0.405 = +0.89
- የኃይል አጠቃቀም፦ 2.194 × (−0.163) = −0.36
- የነዳጅ ዓይነት፦ 2.194 × (−0.061) = −0.13

ድምሩ 0.40 ነው፣ ትርፍ የለውም። ከተራ መቶኛ ይልቅ ሎጋሪዝም የምንጠቀመው ለዚህ ነው፤ ማንም ያልወሰደው ቀሪ አይተርፍም።

ሁለተኛዋን መስመር «ቁጠባ» ብለው ለመጥራት አይቸኩሉ። ሲሚንቶ የሚያመርት አገር ወደ ልብስ ስፌት ቢዞር አንድም ቦይለር ሳይሻሻል ይህች ቁጥር ትወርዳለች። ለመለየት በየንዑስ ዘርፉ (ሲሚንቶ፣ ብረት፣ ምግብ፣ ኬሚካል) መበተን ያስፈልጋል። ክሊንከርን አገር ውስጥ ከማምረት ገዝቶ ወደ መፍጨት መዞርም እንዲሁ ነው፤ ልቀቱ ወደ ሌላ አገር ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። ከጥቁር ናፍጣ ቦይለር ወደ ኤሌክትሪክ የዞረ ፋብሪካ ደግሞ ከእርስዎ መስመር ይሰወርና በኃይል ማመንጫው መስመር ላይ ሊወጣ ይችላል። ደረጃ 1 ላይ ለብቻ የያዙት የኤሌክትሪክ ዓምድ አሁን ይውጣና ከግራፉ ሥር ይቀመጥ።

ደረጃ 9፦ ግራፉን ይሳሉ

ሁለት ግራፍ ይበቃል፦ በነዳጅ የተደራረበ የልቀት መጠን፣ እና ቶን በቴራጁል። ቋሚው መስመር ከዜሮ ይጀምር። የተሞሉ ዓመታትን በነጠብጣብ፣ የተጋጠመበትን ዓመት በቀጭን ቋሚ ሰረዝ ያመልክቱ።

ምልክቱን ዓይቶ ስህተቱን መለየት

- *ሁሉም ዓመታት ከሌላ ምንጭ በ3.67 እጥፍ ያንሳሉ።* አንዱ ካርቦን ነው የቆጠረው፣ ሌላው ካርቦን ዳይኦክሳይድ። የካርቦኑን በ44/12 ያባዙ።
- *ልቀቱ «ቀነሰ» ይላል፣ የነዳጁ ፍጆታ ግን ጨምሯል።* ያነበቡት ድርሻ እንጂ መጠን አይደለም። ዓለም አቀፍ ሠንጠረዦች ብዙ ጊዜ የኢንዱስትሪውን ልቀት ከጠቅላላው ቃጠሎ በመቶኛ ይሰጣሉ። ጠቅላላው ከ10 ወደ 20 ሚሊዮን ቶን አድጎ ድርሻው ከ40 ወደ 30 በመቶ ቢወርድ፣ ኢንዱስትሪው ከ4 ወደ 6 ሚሊዮን ቶን፣ በግማሽ ጨምሯል። መኪናው በፍጥነት ስለበዛ ብቻ ነው ድርሻው የወረደው። መቶኛውን ሁልጊዜ በዚያው ምንጭና በዚያው ዓመት ጠቅላላ ያባዙት።
- *አንድ ዓመት ብቻ እንደ እሾህ ወጥቶ ይመለሳል።* ነጥብ ተዛብቷል፣ ወይም ሊትር በቶን ቦታ ገብቷል፣ ወይም ትልቅ ግዢ በክምችት ሳይሆን በፍጆታ ተመዝግቧል። የጉምሩኩን መዝገብ ከጎኑ ያድርጉ።
- *ለሦስት አራት ዓመት አንድ ቁጥር ይደጋገማል።* ማንም አልለካም፤ ያለፈው ዓመት ተገልብጧል። እንደ ባዶ ሴል ቆጥረው በደረጃ 5 መንገድ ይሙሉት።
- *ኢንዱስትሪ ሲወርድ በዚያው ዓመት «ያልተመደበ» የሚለው ረድፍ ይወጣል።* ነዳጁ ረድፍ ቀይሯል። ሁለቱን ደምረው ይዩ፤ ድምሩ ለስላሳ ከሆነ ጥርጣሬዎ ትክክል ነው።
- *የመጨረሻው ዓመት ብቻ ያለ ምክንያት ይወርዳል።* ገና ጊዜያዊ መረጃ ነው፤ ዘግይተው ሪፖርት የሚልኩ ፋብሪካዎች አልገቡም። በባዶ ክብ ምልክት ይሳሉትና ከአዝማሚያው ስሌት ያውጡት። የሚቀጥለው ዓመት ሠንጠረዥ ሲወጣም አዲሱን ረድፍ ብቻ አይጨምሩ፤ የቀደሙት ዓመታትም ተከልሰው ሊሆን ስለሚችል ሙሉውን እንደገና ያውርዱና የወረደበትን ቀን በማስታወሻው ሺት ላይ ይጻፉ።